ኦቲዝም ያለበት ልጄ ጽሕፈት ለምን ይከብደዋል?

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ ኦቲዝም እንዳለበት ሐኪም ነግሮናል። አቀላጥፎ ያነባል፣ ሒሳብም በቃሉ ይሠራል፤ ደብተሩ ግን አይነበብም። ፊደሎቹ ትልልቅና የተወላገዱ ናቸው፣ እርሳሱን ሲጫነው ወረቀቱ ይቀደዳል። መምህሩ ስንፍና ነው ብለው በእረፍት ሰዓት ደግሞ እንዲጽፍ ያደርጉታል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጻፉልን እንደምረዳው ልጅዎ ሰነፍ አይደለም። ኦቲዝም ባለባቸው ብዙ ልጆች ላይ የጣቶችንና የእጅ አንጓን ጥቃቅን እንቅስቃሴ የማቀናጀት ችግር አብሮ ይታያል። ለመጻፍ አንጎል የእርሳሱን አካሄድ አስቀድሞ ማቀድና የሚያስፈልገውን ጉልበት መመጠን ስላለበት፣ ይህ ቅንጅት ሲጓደል ፊደሉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ እንኳ ወረቀት ላይ ለማስፈር ይቸገራል። በባልቲሞር የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ እነዚህ ልጆች በተለይ በፊደል ቅርጽ አወጣጥ ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ እንደሚቀሩ፣ ከጽሑፋቸው ጥራት ጋር የተያያዘውም የእንቅስቃሴ ችሎታቸው እንጂ የማሰብ ችሎታቸው አለመሆኑን አሳይተዋል።

የእኛ ፊደል ደግሞ ጥቃቅን ልዩነት የሚበዛበት ነው። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ትንሿ ቅጥያ ከእግሩ መሃል ወይም ከግርጌው መውጣቷ ብቻ ስለሆነ፣ እርሳሱ ጥቂት ሲንሸራተት መምህሩ ልጁ ፊደሉን እንዳላወቀ አድርገው ሊያርሙት ይችላሉ። የጻፈውን ድምፁን አሰምቶ እንዲያነብልዎ ይጠይቁት፤ ሊጽፍ ያሰበውን በትክክል ከነገረዎ፣ ችግሩ በአብዛኛው የእጅ እንጂ የዕውቀት አይደለም።

አስቀድመው ዓይኑን ያስመርምሩ። ከዚያም ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (እንደ መጻፍና መልበስ ያሉ የዕለት ተዕለት ተግባራትን የሚያለማምድ የጤና ባለሙያ) ቢያየው መልካም ነው፤ ባለሙያዎቹ በአገራችን ጥቂት በመሆናቸው፣ ካላገኙ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወይም እንደ ጆይና ነህምያ ያሉትን የኦቲዝም ማዕከላት ያማክሩ። በቤት ውስጥ ልምምዱ አጭር፣ በአንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ ይሁን። እግሩ መሬት በሚደርስበት ወንበር ይቀመጥ፤ አንዳንዴም ቆሞ በቁራጭ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ፊደሉን በትልቁ ይሣል፤ ትንሽ ቁራጭ በጣቶቹ ጫፍ እንዲይዝ ያስገድደዋል። ሊጥ ማድቦልቦልና የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍም ጣቶቹን ያጠነክራሉ።

የእረፍት ሰዓቱን መንጠቅ ግን እንዲቆም አጥብቄ እመክራለሁ። የደከመ እጅ ተጨማሪ ገጽ ስለጻፈ አይሻሻልም፣ ልጁም ጽሕፈትን መጥላት ይጀምራል። ከመምህሩ ጋር ተነጋግረው ከሰሌዳ የሚገለብጠው እንዲቀነስለት፣ ፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጠው፣ የሚያውቀውን በቃል እንዲመልስ ያስፈቅዱ፤ ከሐኪሙ የድጋፍ ደብዳቤ ማምጣትም ይረዳል። ብዙ ልጆች በልምምድ ይሻሻላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን በጉርምስና ዕድሜም ይቸገራሉና፣ በስልክ ወይም በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍን ከአሁኑ ያስጀምሩት። ይህ ልምምዱን መተው ማለት አይደለም።

ቀድሞ በደንብ ይጽፍ የነበረ ልጅ ችሎታው ከቀነሰ፣ አንድ እጁ ከሌላው ከደከመ፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም በመሃል ፈዝዞ የሚቀርበት ጊዜ ካለ፣ ሳይዘገዩ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይውሰዱት።