“ቆይ፣ ሻሼን ላስተካክል”

ትምህርት ተዘግቷል። ዝናቡም ገብቷል። ግማሻችሁ ሶፋ ላይ ተጋድማችሁ ስልክ እየነካካችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ስልኩን ጣሉት አልልም፤ እሱን ወላጆቻችሁ በቀን አሥር ጊዜ ይሏችኋል። እኔ የምለምናችሁ ካሜራውን ከፍታችሁ የገዛ ቤታችሁን እንድታዩበት ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ፎቶ ቤት ነው። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፣ ጉርድ ፎቶ፣ የተቀደደ ፎቶ ማደስ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን አንድ ሥራ ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ፎቶ ሊያሳድግ ይመጣል። ለቅሶ ቤት የሚቀመጥ፣ ኋላም ሳሎን የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ይፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ ይዘው የሚመጡት የቀበሌ መታወቂያ ነው። ማኅተም ጉንጩ ላይ ያረፈበት ጉርድ ፎቶ። “ሌላ የላችሁም?” ስል እርስ በርስ ይተያያሉ። ቢፈለግ ቢፈለግ የዘመድ ሰርግ ላይ የተነሳች ትገኛለች፤ ያውም ከብዙ ሰው መሀል፣ ጥግ ላይ፣ ግማሽ ፊቷ ተሸፍኖ። ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ የጋገረች፣ ጓሮዋን ጎመንና ጤና አዳም ያለበሰች ሴት፣ ምጣድ አጠገብ የተነሳችው አንድ ፎቶ የላትም።

አሁን ሁሉም ኪስ ውስጥ ካሜራ ስላለ ነገሩ የተፈታ ይመስላል። አልተፈታም። ዛሬ የሚያመጡልኝ ስልክ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አለው። ሴልፊ፣ ማኪያቶ፣ ስክሪንሾት፣ የጓደኛ ልደት። እናት ከተገኘች ለበዓል ለብሳ ቀጥ ብላ ቆማለች።

እንዲህ የሆንነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፎቶ እዚህ አገር የገባው በትልቁ በር ነው። የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበሉ ከዳግማዊ ምኒልክ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ሕዝቡ ኋላ ፎቶ ቤት መሄድ ሲጀምር ወጉንም አብሮ ወሰደው። ጥሩ ልብስ፣ ቀጥ ያለ ትከሻ፣ ያልሳቀ ፊት። ደግሞም ፊልም ውድ ነበር። አንድ ጥቅልል 36 ፎቶ ያወጣል፤ ማጠቢያና ማሳተሚያ ሌላ ወጪ ነው። እሱን በቆሎ ጥብስ ላይ የሚጨርስ ሰው እንደ ዕብድ ይታይ ነበር። ዛሬ ወጪው ቀርቷል። አቋቋማችን ግን አልተለወጠም።

እንግዲህ ከእናታችሁ ጀምሩ። ካሜራ ስታይ የምትለው ይታወቃል። “ቆይ፣ ሻሼን ላስተካክል።” ወይም “እንዲህ ሆኜ? ሂድ ወዲያ!” አትከራከሯት። ቀሚሷን ትቀይር፣ ሻሿን ትሰር፣ ወንበር ላይ ትቀመጥ። የፈለገችውን ፎቶ አንሱላት፤ አሳይዋት፤ ደስ ይበላት። ከዚያ ተነስታችሁ አትሂዱ። እዚያው ቁጭ በሉ። ሽንኩርት ክተፉላት፣ ወሬ አምጡላት። ትንሽ ቆይታ ትረሳችኋለች። ድስቱን ስትከፍት ፊቷን ከእንፋሎቱ ዘወር ታደርጋለች። ያመለጠ ፀጉሯን በእጇ ጀርባ ወደ ሻሿ ትመልሳለች። ወጡን በማማሰያው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምስና ወደ ጣሪያው እያየች ጨው በቃው አልበቃውም ትላለች። ያቺ ናት እናታችሁ። አንሷት። ከዚያ አሳይዋት። “አጥፋው” ካለች ያለ ክርክር አጥፉት። ነገም ካሜራ ስትይዙ ዝም የምትላችሁ ዛሬ ቃሏን ካከበራችሁ ነው።

ስለ ብርሃን ትንሽ ልበል፤ ክረምት ላይ ብርሃን የለም እያሉ የሚያማርሩ ልጆች ስላሉ። እኛ ፎቶ ቤት ውስጥ የመብራቱን ጉልበት ለማለስለስ ፊቱ ላይ ነጭ ጨርቅ እንዘረጋ ነበር። ደመና ያንኑ ሥራ በነፃ ይሠራላችኋል። ደመናማ ቀን በረንዳ ላይ የተነሳ ፊት ዓይኑ ሥር ጥቁር ጥላ የለውም። በተቃራኒው ፀሐይ በወጣበት ቀን ከረፋዱ 5 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ሰው ሜዳ ላይ አታቁሙ። በዚህ ወራት አዲስ አበባ ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ነው የምትወጣው፤ ቅንድብ ዓይንን ያጨልማል። እንዲያውም ከሰኔ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ነው የምታዘነብለው። ስለዚህ በኅዳር ጨለማ የሚሆነው የሰሜን ክፍላችሁ አሁን ፀሐይ ሊያገኝ ይችላል። ቤታችሁን ዞር ዞር እያላችሁ እዩት።

የክረምት ምርጡ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ነው። አሥር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ፀሐይ ከደመናው ሥር በጎን ብቅ ትላለች። እርጥቡ የኮባ ቅጠል፣ ቆርቆሮው፣ በሽቦ ላይ የተሰጣው ልብስ ሁሉ ያበራል። ሩብ ሰዓት ላይቆይ ይችላል፤ ጫማ ፍለጋ አትግቡ። ቀስተ ደመና ካማራችሁ ለፀሐይዋ ጀርባችሁን ስጡ። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ በምሥራቅ በኩል ነው። ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ከፍ ብላ ሳለ ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው ቀስተ ደመና አይታይም፤ ቀትር ላይ የማታገኙት ለዚህ ነው።

ዝናቡንም ማንሳት ይቻላል። ዘዴው ከበስተጀርባው ጥቁር ነገር መፈለግ ነው። የተከፈተ የማድ ቤት በር፣ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ። በነጭ ሰማይ ላይ ዝናብ አይታይም። ስልካችሁ ፕሮ የሚል ምርጫ ካለው በሰከንድ 1/30ኛ ፍጥነት ብታነሱ ዝናቡ ክር ይሆናል፤ በ1/1000ኛ ብታነሱ ጠብታው አየር ላይ ቀጥ ይላል። ለክሩ ስልኩን የበሩ መቃን ላይ አስደግፉ፤ አለዚያ ቤቱም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ፍላሽ ግን አጥፉ። ዝናብ ላይ ፍላሽ የሚያበራው አፍንጫችሁ ሥር ያለውን ጠብታ ነው፤ ፎቶው ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። የቡና ጭስና የዕጣን ጭስም እንዲሁ ነው። ጭስ ደስ የሚለው ብርሃኑ ከበር ወይ ከመስኮት በጎን ሲመጣና ከኋላው ጨለማ ሲሆን ነው። ረከቦቱን ትንሽ ወደ በሩ አስጠጉ በሉ፤ ማንም አይከፋም።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ቤት ሁሉ የሚገጥም አለ። አያታችሁ ነጠላ ለብሰው ይነሱና ፊታቸው ጠቁሮ ይወጣል። ጥፋቱ የፊታቸው አይደለም። ካሜራው ያየውን ነጭ ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማውረድ ይፈልጋል፤ ነጠላውን ሲያወርድ ፊቱንም አብሮ ያጨልመዋል። ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን ነካ አድርጉ፤ ብርሃን መጨመሪያው ሲመጣ ትንሽ ወደ ላይ ግፉት። ነጠላው ጥለቱ ብቻ ቢታይ ምን ገዶን። እግረ መንገዴን፣ የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጥረጉ። “ካሜራዬ ደከመ” እየተባለ ከሚመጣልኝ ስልክ ብዙው ያለበት የእጅ ቅባት ነው።

ልጆች ስታነሱ ቁጢጥ በሉ። ቆማችሁ ያነሳችሁት የልጅ ፎቶ አናት ብቻ ነው። እሱን አልፌ ወደ ጓሮ ልሂድ፤ የምወደው እዚያ ስለሆነ።

ጓሮ ስል የግድ ሰፊ ግቢ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በቀለም ጣሳ የተተከለ በሶብላም ጓሮ ነው። ዱባ ያለው ሰው ካለ ግን ጠዋት ተነሱ። የዱባ አበባ ማለዳ ተከፍቶ ረፋዱ ላይ መክደን ይጀምራል፤ ከቀትር በኋላ የተጨመደደ ነገር ነው የምታገኙት። ጠጋ በሉና አንገቱን እዩ። ቀጭን ረጅም ዘንግ ላይ የቆመው ወንዱ ነው። ሴቷ ሥሯ ላይ ጣት የምታክል ዱባ ይዛ ነው የምታብበው። ንብ ገብታ ቢጫ ዱቄት ተለውሳ እስክትወጣ ጠብቁ። ዙም አታድርጉ፤ የስልክ ዙም ብዙ ጊዜ ሥዕሉን ቆርጦ መለጠጥ ነው። እናንተው ቅረቡ። ስልኩ በጣም ሲቀርብ ከደበዘዘ አንድ ስንዝር መለስ በሉ።

ወፎቹንም አትናቁ። ጋጋኖ ሣር ላይ እየተራመደ በረጅሙ ጎባጣ ምንቃሩ ትል ሲለቅም አይታችሁታል፤ ጎህ ሲቀድ በጩኸቱ ቀስቅሷችሁ ረግማችሁትም ይሆናል። ይህ የምትረግሙት ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለም። የሩቅ አገር ሰው እሱን ለማየት አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል። የመስቀል ወፍ የምንለውም በመስከረም ከሰማይ ዱብ አይልም። ወንዱ ያንን ያማረ ላባ የሚለብሰው በመራቢያው ወራት ነው። በቀረው ጊዜ እንደ ሴቷ ቡናማ ሆኖ ከድንቢጥ ጋር ይምታታል። ከሐምሌ ጀምሮ አጥራችሁ ላይ የሚያርፉትን “ድንቢጦች” በየሳምንቱ አንሱ። ሲቀየር ልትይዙት ትችላላችሁ። እስስት ካገኛችሁ ደግሞ በእንጨት አትነካኩት። ዓይኑ ለየብቻ ሲዞር ማየት ይበቃል።

ክረምቱ ራሱ ቀጠሮ አለው። በቡሄ ዋዜማ ልጆች በር ላይ ሲጨፍሩ ሁሉም የሚያነሳው ዱላ የያዙትን ልጆች ነው። እናንተ ከቤት ውስጥ ሆናችሁ ወደ በሩ አንሱ። ሙልሙል ይዛ የምትወጣዋን አያት ጀርባ፣ ከእሷ ትከሻ በላይ የልጆቹን ፊት። ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል፣ ዝናብ ከጣለ ሰፈሩ ሁሉ ልጅ ይሆናል። ራቁታቸውን ዝናብ የሚጠመቁ ሕፃናትን ፎቶ ግን ቲክቶክ ላይ እንዳላየው። ለቤት ነው። ልጁ አድጎ ራሱ ይወስን። የጎረቤትም ጉድ የእናንተ ሥዕል አይደለም፤ ጣራው የሚያፈስበትን ሰው ባልዲ አስፈቅዳችሁ ካልሆነ አታንሱ።

ስልኩን ለታናሽ እህታችሁም ስጧት። አንሺው ሁልጊዜ ከፎቶው ይቀራል፤ እናንተም የዚህ ቤት ሰዎች ናችሁ። ትንሽ ልጅ ደግሞ እናንተ የማታዩትን ያያል። ጠረጴዛ ሥር የተኛችውን ድመት፣ የአባትን ካልሲ።

የቀረው ማስቀመጥ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ስልክ ይሰረቃል፣ ውኃ ውስጥ ይወድቃል። በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ የተነሳበት ቀንም አብሮ ይጠፋል። እንደ ፋይል ላኩት። ዋሽንግተን ወይ ዱባይ ያለችው አክስታችሁ እንደ ፋይል ከደረሳት ትልቅ አድርጋ ታሳትመዋለች። እኔ ቤት የሚመጡት ውጭ አገር የቆዩ ሰዎች ትልቅ አድርገው የሚያሳትሙት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የግቢ በር፣ ቧንቧ፣ የሽቦ ላይ ልብስ።

መስከረም ሲጠባ ከክረምቱ ጥቂት መርጣችሁ አሳትሙ። በስልክ ሰላሳ ሺህ ፎቶ ከመያዝ በካርቶን ሰላሳ ይሻላል፤ ይህን የምለው ገበያዬ ስለሆነም ነው፣ አልክድም። ሲያሳትሙላችሁ የሰው ፊት እንዳያነጡ ንገሯቸው፤ ሳይጠየቁ የሚያነጡ አሉ። ጀርባው ላይ ስምና ቀን ጻፉ፤ “እማዬ” ብቻ አትበሉ፣ የልጅ ልጅ የማን እማዬ እንደሆነች አያውቅም። ሙሉ ስም፣ ሰፈር፣ ዓመተ ምሕረት። በለስላሳ እርሳስ ቢሆን ጥሩ ነው። እስክሪብቶ የሚያንጸባርቅ ወረቀት ላይ ቶሎ አይደርቅም፤ ፎቶዎቹ ሲደራረቡ ቀለሙ ከሥር ወዳለው ሰው ግንባር ይዛወራል። እርሳስ አልይዝ ካለ የሲዲ መጻፊያ ማርከር ግዙ፤ ጽፋችሁም ሳትደራርቡ ጥቂት ደቂቃ አስጡት።