መጀመሪያ ሪንጉ ይለካ

የተከበሩ እኅታችን፣ የ17 ዓመት ልጅዎ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 እንደሆነ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጓደኞቹ ጋር በቅርጫት ኳስ ዳንክ ለማድረግ፣ ማለትም ዘልሎ ኳሷን ከላይ ወደ ሪንጉ (ወደ ብረት ቀለበቱ) ለመክተት ሲዘል እንደሚያመሽ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ጉልበቱን እንደሚያመው ገልጸው «ልከልክለው ወይስ ልተወው?» ሲሉ ጠይቀዋል። እኔ ድሬዳዋ ያደግሁ፣ በዚሁ ምኞት ከ15 ዓመቴ ጀምሮ ሁለት ዓመት ተኩል የተንከራተትኩ ሰው ስለሆንኩ፣ በራሴ ከደረሰው ተነሥቼ ልመልስልዎ። አይከልክሉት፤ ነገር ግን በየቀኑ መዝለሉን ያስቁሙት፣ ጉልበቱን ለሐኪም ያሳዩለት፣ ከዚያም የሚዘልበት ሪንግ በሜትር ይለካ።

የመጨረሻው ምክር እንግዳ ሊሆንብዎ ስለሚችል ከእሱ ልጀምር። እኛ የምንጫወተው ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ግቢ ነበር። የድሬ ፀሐይ እንደሚያውቋት ናት፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ዘልሎ ብረቱን የነካ ሰው ጣቱን እንደ ጋለ ምጣድ ስለሚለበልበው እፍ እፍ እያለ ነበር የሚወርደው። ስለዚህ የምንገናኘው ወይ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ ወይ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነበር። 16 ዓመት እንደሞላኝ አንድ ምሽት ኳሷን በአንድ እጄ ከሪንጉ በላይ አሳልፌ ወደ ውስጥ ከተትኳት። ጓደኞቼ ትከሻቸው ላይ አውጥተው ግቢውን አዞሩኝ፣ ሻይና ሳምቡሳ ተጋበዝኩ፣ ሌሊቱንም እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። በማግስቱ አባቱ አናጢ የሆነው ጓደኛችን የአባቱን ሜትር ይዞ መጣ። አንዱን አንዱ ትከሻ ላይ አቁመን ስንለካው፣ ሪንጉ ከመሬት 2 ሜትር ከ91 ሆኖ ተገኘ፤ ለካ ሜዳው በላይ በላዩ ሲሚንቶ ሲለሰን መሬቱ ከፍ ብሎ፣ ምሰሶው ግን ባለበት ቀርቶ ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ጀብዱ ስሙ «የታይዋን ዳንክ»፣ ማለትም አስመስሎ የተሠራ ዳንክ፣ ሆነ። ታይዋን ገበያን የሚያውቅ የድሬ ሰው ይህን ቀልድ እንዳብራራለት አይጠብቅም።

ደንቡ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ነው። ጄምስ ናይስሚዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 በአሜሪካዋ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ውስጥ ጨዋታውን ሲፈጥር የኮክ ቅርጫቶቹን የሰቀለበት የጂምናዚየሙ ሰገነት ይህ ቁመት ስለነበረው፣ ልኩ እስከ ዛሬ ሳይለወጥ ቆይቷል። ልጅዎ ምን ያህል እንደሚጎድለው ለማወቅ ጣቱን ጠመኔ አስነክቶ፣ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ተረከዙን ሳያነሣ የሚደርስበትን ያስምር። እጁ ኳሷን ይዞ ከሪንጉ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ማለት ስላለበት፣ ከ3 ሜትር ከ20 ላይ ግድግዳው ላይ ያሰመረውን ልክ ሲቀንሱ መዝለል ያለበትን ያገኛሉ። የእኔ የተዘረጋ እጅ 2 ሜትር ከ41 ይደርስ ስለነበር 79 ሳንቲሜትር መዝለል ነበረብኝ፤ ያኔ የምዘለው ግን 65 ገደማ ነበር። ቁመት ብቻውን እንደማይወስን ለማሳየት፣ አሜሪካዊው ተጫዋች ስፐድ ዌብ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ሆኖ ሳለ በዚያው አቆጣጠር በ1986 የኤንቢኤን (የአሜሪካን የቅርጫት ኳስ ሊግ) የዳንክ ውድድር ማሸነፉን ለልጅዎ ይንገሩት፤ ሳያውቀው አይቀርም፣ ከእርስዎ አፍ ሲሰማው ግን ይደሰታል።

አሁን ወደ ጉልበቱ ልመለስ፤ እኔ ትልቁን ስሕተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። የጎደለኝን 14 ሳንቲሜትር በእልህ ላመጣ ብዬ፣ በዚያ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ በየቀኑ ሃምሳ ስድሳ ጊዜ መዝለል ጀመርኩ። በሁለተኛው ወር ከጉልበት ሎሚዬ በታች፣ ጅማቱ ከቅልጥም አጥንት ጋር በሚያያዝበት ቦታ ላይ፣ ስነካው የሚያም እብጠት ወጣ። መጀመሪያ የሄድኩት ወጌሻ ዘንድ ነበር፤ እሱም ያበጠውን አጥብቆ አሸልኝና ለሳምንት አነከስኩ። በኋላ ያየኝ ሐኪም እንዳስረዳኝ፣ አጥንቱ በማደግ ላይ ባለ ልጅ ጅማቱ ሥሩን ደጋግሞ ሲጎትተው ቦታው ይቆጣል፤ ስሙም ኦስጉድ ሽላተር ይባላል፤ ብዙውን ጊዜም ጫናው ሲቀንስና ዕድገት ሲያበቃ ይሻላል። የልጅዎ ሕመም ይኸው ይሁን ሌላ የሚለየው መርማሪው ብቻ ነው። የሚያነክስ፣ ጉልበቱ የሚያብጥ ወይም ሌሊት የሚያመው ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳያስረዝሙ ይውሰዱት።

ስድስት ሳምንት ካረፍኩ በኋላ የምዘለው ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ሆነ። በሌሎቹ ቀናት ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶቼ ቆሜ ተረከዜን ቀስ ብዬ ዝቅና ከፍ አደርግ ነበር፤ ቁጭ ብድግም እሠራ ነበር፤ ስንፍና የሚመስለው ይህ ዕረፍት ከድካሙ የበለጠ ጠቀመኝ። የቀረውን ያገኙት ጓደኞቼ ናቸው። አንዱ በስልኩ ቀርጾ ሲያሳየኝ፣ ሪንጉ ሥር ስደርስ ፍጥነቴን እንደምቀንስ፣ ልክ ጉድጓድ ፊት እንደሚያመነታ ሰው እንደምሆን አየሁ። ከመጨረሻው በፊት ያለውን እርምጃ ረዘምና ጎንበስ አድርጌ፣ የመጨረሻውን አጭርና ፈጣን ሳደርገው፣ የሩጫው ኃይል ወደ ላይ መለወጥ ጀመረ። እጄም ትንሽ ስለነበረ ኳሷን በአንድ እጅ ጨብጦ መያዝ አልቻለም፤ መጀመሪያ በቴኒስ ኳስ፣ ከዚያ በእጅ ኳስ፣ ቀጥሎ ሴቶች በሚጫወቱባት ቁጥር 6፣ በመጨረሻም በቁጥር 7 ተለማመድኩ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ሜዳውም ሌላ፣ አስቀድመን ለክተን 3 ሜትር ከ5 መሆኑን ያረጋገጥንበት። ከጓደኞቻችን አንዱ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በሽርጥ ነበር የመጣው፤ እጄ ላብ ስላጠመቀው በዚያችው ሽርጥ ጠረግሁ። ሰባት ጊዜ ሞክሬ ኳሷ የሪንጉን ጠርዝ እየመታች ተመለሰች። በስምንተኛው ብረቱ አንጓዬን ሲፍቀው ተሰማኝ፣ ኳሷም መረቡን አልፋ ራሴ ላይ ወደቀች። ጓደኞቼ መጮኽ ሲጀምሩ የአናጢው ልጅ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው፣ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ፣ ባለሽርጡ ትከሻ ላይ ወጥቶ እንደገና ለካ፣ ከዚያ በኋላ ነው ከሁሉም በላይ የጮኸው።

እኅታችን፣ ልጅዎ ግድግዳው ላይ የሚያሰምረውን ልክና ሕመሙ ከጉልበት ሎሚው በላይ ይሁን በታች እዚሁ ቢጽፉልን፣ ስንት ሳንቲሜትር እንደሚቀረው አብረን እናሰላለን።