ሞክሼ ፊደላት፦ የትኛው «ሀ»፣ የትኛው «ሰ»? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን በራሪ ወረቀት «የድህነት ጉባኤ» ብለን ልናትም ነው። ልክ ነው?

መልስ፦ አታትሙት! በሃሌታው ሀ «ድህነት» የደሃ ኑሮ ነው። መዳን ለማለት በብዙኃኑ ኀ «ድኅነት» ተብሎ ይጻፋል። ሲነበብ የሀና የኀ ድምፅ አንድ ስለሆነ ጮክ ብሎ ማንበብ ስሕተቱን አያሳያችሁም፤ በዓይን ነው የሚታረመው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ከሆነ ቃሉን ሁሉ መሸምደድ ሊኖርብኝ ነው?

መልስ፦ የለም፣ የግእዙን ግስ ያዝ፤ ዘሩ ሁሉ ፊደሉን ይወርሳል። መሀረ፣ አስተማረ ነው፤ ምሁር፣ መምህር፣ ትምህርት ከሱ ወጡ። መሐረ ግን ይቅር አለ ነው፤ ምሕረት የሱ ነው። ስለዚህ በሐመሩ ሐ «ምሑር» ብለህ ብትጽፍ የተማረ ሳይሆን ይቅር የተባለ ይሆናል። ሠረቀ ወጣ ነው፤ ፀሐይ የምትወጣበት ምሥራቅ በንጉሡ ሠ የሚጻፈው ለዚህ ነው። በእሳቱ ሰ ሲሆን ሌብነት ነው። ሥዕል ከሠዐለ ነው፤ ሰአለ ደግሞ ለመነ። «ሰአሊ ለነ» ለምኚልን ማለት ነው፤ በንጉሡ ሠና በዓይኑ ዐ ከጻፍከው «ሥዕል ሣይልን» ይሆናል። ኅሊና በብዙኃኑ፣ ማሕሌት በሐመሩ።

ጥያቄ፦ በጆሮ የሚለይ ሰው የለም?

መልስ፦ ትግርኛ ተናጋሪ ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ ይለይልሃል። በሠና በሰ፣ በጸና በፀ ግን እሱም አይረዳህም፤ የግእዝ መዝገበ ቃላት ክፈት።

ጥያቄ፦ የልጃችን የክርስትና ስም አመተ ማርያም ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን «ዓመተ ማርያም» ተባለ።

መልስ፦ በአልፋው አ «አመት» ሴት አገልጋይ ናት፤ በዓይኑ ዐ የዘመን ቁጥር ነው። ወደ ሌላ ሰነድ ከመገልበጡ በፊት አሳርሙት።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ላይ «ፀሐይ» ብዬ ስፈልግ ግማሹን አያመጣልኝም።

መልስ፦ ለማሽኑ ሦስቱ «ሀ»ዎች ዝምድና የላቸውም፤ በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚለይበት የቁጥር ሥርዓት) ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 ናቸው። ራብዖቹ (አራተኛ ቅርጾቻቸው) ሃ፣ ሓ፣ ኃም በአማርኛ ድምፃቸው ያው ነው። ስድስቱን በጸና በፀ ስታባዛ «ፀሐይ» 12 ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል። መጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ አውጣ፤ ቅጂው ላይ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ሞክሼዎች በየቡድናቸው ወደ አንድ ፊደል ለውጥና እዚያ ፈልግ። ዋናውን እንዳትነካ፤ ድኅነቱ ሁሉ ድህነት ሆኖ ይቀርብሃል።