መርዶ ነጋሪው ተራኪ፦ «ዘ ቡክ ቲፍ»ን ከደሴ ልጆች ጋር ሳነብ

እህቴ፣ በዚህ ቡድን የጻፍሽውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወልድያ ላይ ለዘጠነኛና ለአስረኛ ክፍል ልጆች የንባብ ክበብ ልትጀምሪ ነው። «ዘ ቡክ ቲፍ»ን አስበሻል፤ በእኛ «መጽሐፍ ሰራቂዋ» እንደማለት ነው። አስተያየት ስትፈልጊ ግን ግማሹ አንባቢ «እንዲህ ያለ መጽሐፍ አላነበብኩም» ይላል፤ ግማሹ «መቶ ገጽ ሳልደርስ ወረወርኩት» ይላል። አንዱ ደግሞ «ተራኪው መጨረሻውን ቀድሞ ያወራል፤ ምኑን ልብ ወለድ ሆነ?» ብሎ ተቆጥቷል። የአንቺ ስጋት ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ጦርነት በደጃቸው ያለፈ ልጆች የጦርነት ልብ ወለድ ቢያነቡ ቁስላቸውን መነካካት አይሆንም ወይ?

አንቺ ብዬሻለሁ፤ የአንድ ሙያ ሰዎች ነንና አትቀየሚኝ። እኔ ደሴ ነኝ፣ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ይህንኑ መጽሐፍ ባለፈው ዓመት ከአስራ አራት ልጆች ጋር ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንብበነዋል። ያየሁትን እነግርሻለሁ፤ የተሳሳትኩትንም ጭምር።

ለማያውቁት የቡድኑ አባላት ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው አውስትራሊያዊው ማርከስ ዙሳክ ነው፤ መጽሐፉ በፈረንጆች 2005 ወጣ። ታሪኩ የሚጀምረው በፈረንጆች 1939፣ ናዚ ጀርመን ውስጥ ነው። ሊዝል የምትባል አስር ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ልጅ ታናሽ ወንድሟ ባቡር ላይ ይሞትባታል። መቃብሩ አጠገብ በረዶው ላይ የወደቀ መጽሐፍ ታነሳለች። የመቃብር ቆፋሪዎች መመሪያ ነው። ማንበብ ግን አትችልም። ከዚያ ለአሳዳጊዎች ትሰጣለች። አባትየው ሃንስ ቀለም ቀቢ ነው፣ አኮርዲዮን ይጫወታል። እናትየው ሮዛ የሰው ልብስ ታጥባለች፤ አፏ እሳት ነው። ኋላ ምድር ቤታቸው ውስጥ ማክስ የሚባል አይሁዳዊ ይደብቃሉ። ልጅቷም እዚያው ምድር ቤት፣ ግድግዳው ላይ በቀለም እየተጻፈላት፣ ፊደል ትቆጥራለች። ይህን ሁሉ የሚተርክልን ሞት ራሱ ነው።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ አበላሸሁት። ካርታ ዘረጋሁ። ስለ ሂትለር፣ ስለ ፖላንድ ወረራ አርባ ደቂቃ ሰበክሁ። ልጆቹ በጨዋ ደንብ አፋቸውን በእጃቸው እየሸፈኑ አዛጉ። በሁለተኛው ቅዳሜ ከአስራ አራቱ የመጡት ዘጠኝ ናቸው።

የምንሰበሰበው የአንዷ ተማሪ እናት ሳሎን ውስጥ ነው። ሴትዮዋ ቡና እያፈሉ፣ ጆሯቸው እኛ ዘንድ ነበር። ካርታውን ተውኩና በቀጥታ የመጀመሪያውን ገጽ ጀመርኩ። እንግሊዝኛውን አንድ አንቀጽ አነባለሁ፣ ወዲያው በአማርኛ እነግራቸዋለሁ።

«ማነው የሚያወራው?» አለ አንዱ።

«ሞት» አልኩት።

ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ «መለከል መውት ማለት ነው?» አለች። አጠገቧ የተቀመጠው «መልአከ ሞት በይው» አላት። በቃ፣ ክርክሩ ተነሳ። መልአክ ከሆነ ይደክመዋል ወይ? መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሞት ስራ በዝቶበታል፤ ይደክመዋል፤ ሐሳቡን ለመቀየር የሰማዩን ቀለም ያያል። «ታዛዥ ነው፣ ምን ያድርግ?» አለች ልጅቷ። ወሎ ነውና እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከተነሳ ቡናው በረካ ሳይደርስ አያልቅም። በሦስተኛው ቅዳሜ አስራ አራቱም መጡ።

አሁን ወደዚያ ወደተቆጣው አንባቢ ልምጣ። እውነት ነው፤ ሞት ቀድሞ ይናገራል። ሩዲ የሚባል ጸጉሩ ሎሚ የመሰለ ልጅ አለ፤ የሊዝል ጓደኛ፣ ሁሌ «ሳሚኝ» እያለ የሚነዘንዛት። ገና መጽሐፉ መሃል ላይ እያለን ሞት ድንገት ዞር ይልና ይህ ልጅ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሳያልፍ እንደሚሞት ይነግረናል። እኔ ራሴ ብቻዬን ሳነብ እዚህ ላይ ተናድጄ መጽሐፉን ዘግቼዋለሁ። ከልጆቹም አንዱ «ኧረ ቲቸር፣ አበላሸው!» ብሎ ጮኸ።

መልሱን የሰጡት ባለ ቡናዋ ናቸው። ከሰሉን እያራገቡ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ለቅሶ ቤት ስንሄድ ማን እንደሞተ አውቀን አይደል የምንሄደው? የምንሄደው እንዴት እንደነበረ ልንሰማ ነው» አሉ።

እኔ አስራ ስምንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ይህን አላሰብኩትም ነበር። የእኛን አገር መርዶ አስቢው። ሽማግሌዎች ይመክራሉ። ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል። ደጋፊ ሰው አጠገብ ይቀመጣል። ነገሩ ዙሪያውን ይዞራል፤ ሰውየው ቃሉ ሳይወጣ ልቡ እንዲያውቅ ይደረጋል። ከዚያ ሙሾው ይመጣል፤ ሙሾ ደግሞ ስለ አሟሟቱ ብቻ አይደለም፤ ስለ አረማመዱ፣ ስለ እጁ፣ ስለ ቤቱ ነው። የዚህ መጽሐፍ ተራኪ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መርዶ ነጋሪ ነው። ቀድሞ የሚነግረን እንዳንወድቅ ነው።

ለእኛ ልጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጦርነቱ ደሴ በገባበት በ2014 አብዛኞቹ የአስራ አንድና የአስራ ሁለት ዓመት ልጆች ነበሩ። መርዶ በወጉ አልደረሳቸውም። ከመሃላቸው አንዱ የአጎቱን ሞት ያወቀው ስልክ ላይ ካየው ፎቶ ነው። ድንገት የሚመጣ ነገር ጠልተዋል። ሩዲ እንደሚሞት ካወቁ በኋላ ግን፣ የሚገርምሽ፣ ንባቡ ቀለላቸው። ያ የጮኸው ልጅ በሳምንቱ መጥቶ «አሁን ሩዲ የሚለውን ሁሉ ነው የምሰማው» አለኝ። ስለዚህ ብዙ አንባቢ እንደ ጉድለት የሚቆጥረው ነገር እኛ ቤት መድኃኒት ሆነ። ያንቺዎቹም ከነሐሴ 2013 ጀምሮ ያዩትን አይተዋልና ብዙ የሚለዩ አይመስለኝም።

መጀመሪያው ቀርፋፋ ነው የሚሉት ልክ ናቸው። የመጀመሪያው ሩብ አይሄድም። ሞት በየመሃሉ በደማቅ ፊደል ማስታወቂያ የመሰለ ነገር ይለጥፋል፤ ያደናቅፋል። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን ማስታወቂያዎቹ ያስቃሉ፤ አንድ ልጅ እንደ ቀበሌ ጡሩምባ እየነፋ እንዲያነባቸው አደረግኩ። የሮዛ ስድብ አያስጨንቅሽ። «ዛውሜንሽ» ትላታለች ልጅቷን፤ አሳማ ጨምሮበት የሚሰድብ የጀርመን ቃል ነው። እንዴት ልተርጉመው ብዬ ሳስብ አንዷ «እናቴ ‹ድፍት በይ› እያለች ነው የምታጎርሰኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ አላስፈለገም።

ቁስሉን የነካነው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ደህና ሆነ፣ አንዱ የእኔ ጥፋት ነው።

ደህናው ይኸውልሽ። መጽሐፉ ውስጥ የአየር ድብደባ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው አንድ ምድር ቤት ይሰበሰባል። ሕጻናት ያለቅሳሉ። ሊዝል መጽሐፍ ገልጣ ጮክ ብላ ማንበብ ትጀምራለች። ቀስ በቀስ ሁሉም ጸጥ ይላል። ይህን ምዕራፍ የያዝነው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ሰማዩ ከጦሳ ተራራ በኩል ጠቁሮ ነበር። ልክ መሃሉ ላይ በረዶ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። የደሴን በረዶ ታውቂዋለሽ፤ ሰው ሰውን አይሰማም። ቀና ብል አንዱ ልጅ ጉልበቱ ወለሉ ላይ ነው፣ ግማሽ አካሉ ጠረጴዛ ስር። ሌሎቹ ትከሻቸው ጆሯቸው ጋ ደርሷል። ማንበብ ላቁም ወይስ ልቀጥል ጨነቀኝ። ቀጠልኩ። እየጮኽኩ አነበብኩ። አንዷ ተጠግታ ከትከሻዬ ላይ አብራኝ ማንበብ ጀመረች፤ እንግሊዝኛውን፣ ከነስህተቱ። በረዶው ሲያባራ ያ ልጅ ከጠረጴዛው ስር ወጥቶ ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። ማንም ስለ 2014 አንድ ቃል አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል ባለ ቡናዋን ገደላቸው። ፍራው ሆልትዛፕፌል የምትባል ጎረቤት አለች። ከሮዛ ጋር ተጣልታ በየቀኑ በራቸው ላይ ምራቋን እንትፍ ትላለች። ከምድር ቤቱ ንባብ በኋላ ግን መጣችና ለሊዝል ውል አቀረበች፦ ቤቴ እየመጣሽ ታሪኩን ጨርሽልኝ፤ እኔም መትፋቴን እተዋለሁ፤ የራሽን ቡናዬንም እሰጣለሁ። «ቡናዋን ሰጠች?» አሉ ሴትዮዋ። «በጦርነት ጊዜ?» ሲኒውን አስቀመጡት። «እንግዲህ ይቺ ሰው ናት።» አስተያየት ጸሐፊዎቹ ይህን ትዕይንት ሲያነሱት አላየሁም። እኔ ግን ስለ መጽሐፉ ጠይቁኝ ብባል መጀመሪያ የምጠቅሰው ይህን ነው።

ጥፋቴ ደግሞ የመጨረሻው ድብደባ ላይ ነው። ሞት አስቀድሞ ነግሮናል፤ እኔ ግን የትኛው ቅዳሜ እንደምንደርስበት አልነገርኳቸውም። አንዷ ልጅ ተነስታ ወጣች። ጫማዋን ሳታደርግ ነው የወጣችው። ባለ ቡናዋ ተከትለዋት ሄደው ግቢ ውስጥ አብረዋት ቆሙ። በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀት ሰጠችኝ፤ አንድ ገጽ አይሞላም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲሸሹ አዲስ ጫማዋን በር ላይ ትታው እንደሄደች ጽፋለች። ስለ ጫማው ቀለም፣ ስለ ማሰሪያው። ስለ ሌላ ነገር የለም። እኔም ስለ ሌላ ነገር አልጠየቅኳትም።

ስለዚህ ቀኑን ቀድመሽ ንገሪያቸው። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ከባድ ነው፤ መቅረት የሚፈልግ ይቅር፤ መሃል ላይ መውጣት ይቻላል» በያቸው። «እናንተስ ምን አያችሁ?» ብለሽ ግን አትጠይቂ። የፈለገ ራሱ ያወጣዋል። ከንባብ በላይ የሆነ ነገር ያየሽበት ልጅ ካለ ደግሞ ለቤተሰቡና ለሐኪም ንገሪ፤ እኛ አስተማሪዎች ነን።

አንድ ጥያቄ ሊመጣብሽ ይችላል። ሃንስ ወደ ዳካው ማጎሪያ ካምፕ በእግር ከሚነዱት አይሁዶች ለአንዱ ሽማግሌ ቁራሽ ዳቦ ሲሰጠው ወታደሩ ሁለቱንም ይገርፋቸዋል። ዙሳክ ይህን ከእናቱ ከሰማው ታሪክ ነው የወሰደው፤ እናቱ ልጅ ሳለች እንዲህ ያለ ሰልፍ ሲያልፍና አንድ ልጅ ዳቦ ሲሰጥ አይታለች። ይህን ስናነብ አንዱ «ጠላት ቤት ውስጥም እንዲህ ያለ ሰው አለ ማለት ነው?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁም። ሌሎቹም አልሰጡም። ቡናው ቶና ላይ ነበር፤ ጠጣን።

ታሪኩን ወደ አገር ቤት ማቅረብ ከፈለግሽ መግቢያ አለ። ሩዲ የአሜሪካዊውን ሯጭ የጄሲ ኦውንስን ዝና ሰምቶ ገላውን በከሰል አጥቁሮ ሜዳ ላይ ይሮጣል። ኦውንስ በርሊን ላይ አራት ወርቅ የወሰደው በእኛ 1928 ክረምት ነው። የዚያው ዓመት ኅዳር 26 የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደብድበዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም እዚሁ ከተማ ነበሩ። መጋቢት 22 ማይጨው ሆነ፤ ሚያዝያ 7 ጣልያን ደሴ ገባ። ካርታዬ ያልሰራውን ይህ ሰራው። አንዱ ልጅ ቅድመ አያቱ የነገሯቸውን ከአያቱ ጠይቆ መጣ፤ ሌሎቹም ቀኑበት።

«ለምን የእኛን አታነቡም?» የሚልሽም ይኖራል። የመዓዛ መንግስቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» አለ፤ በፈረንጆች 2019 የወጣ፣ በ2020 ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ እጩዎች አንዱ የነበረ። ሂሩት የምትባል ወላጅ አልባ ልጅ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከገረድነት ወደ ተዋጊነት ስታድግ ያሳያል። ለራስሽ አንብቢው፣ ትወጂዋለሽ። ለዘጠነኛ ክፍል ግን አልሰጥም። ሴት ልጅ ላይ የሚደርሰው በደል በግልጽ ተጽፏል፤ ቋንቋውም ከባድ ነው። ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች፣ እናቶቻቸው አውቀው፣ ምናልባት።

መጽሐፍ ከሌለሽ የእኔን እልክልሻለሁ። ከወልድያ ወደ ደሴ የሚመላለስ የምታምኚው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ጠርዙ ላይ በእርሳስ የጻፍኩት ትርጉም አለ፤ ካልተስማማሽ አጥፊው። አንዱ ገጽ ላይ ቡና ፈስሷል፤ ፍራው ሆልትዛፕፌል በር የምታንኳኳበት ገጽ ነው፣ ይነበባል።