ዊተን፣ ፎረስት ግሌን፣ ግሌንሞንት፦ ባቡር አጠገብ አሮጌ ቤት ለምትፈልጉ፣ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በየሳምንቱ አንድ ሰው «ዊተን ቤት አይቼ ነበር፣ ምን ትላለህ?» ብሎ ይጽፍልኛል። ያንኑ መልስ አሥር ጊዜ ከምጽፍ እዚሁ አንድ ላይ ልጨርሰው። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ ዊተን ከገባሁ 19 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ቤዝመንት ተከራይቼ ታክሲ እነዳ ነበር፤ አሁን የራሴ ቤት አለኝ፣ እንጀራዬም ቤት ኢንስፔክት ማድረግ ነው። ሪልተር አይደለሁም፣ የምሸጥላችሁ ነገር የለም። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ እዚህ ሰፈር ቤቶቹ ለምንድን ነው መንታ የሚመስሉት? ባለፈው የጓደኛዬን ቤት መስሎኝ የሰው በር አንኳኳሁ።

እኔም መጀመሪያ ሰሞን በቁጥሩ ሳይሆን በጎረቤቴ ቀይ ፒክአፕ ነበር ቤቴን የማውቀው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በ1944 የወጣው ሕግ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች የቤት ብድር ዋስትና ሰጠ፣ ያለ ቅድመ ክፍያ መግዛት ተቻለ። ያን ጊዜ እዚህ የነበረው እርሻ ነው። ገንቢዎቹ እርሻውን ሸንሽነው በአንድ ንድፍ መቶዎችን አቆሙ። ቪርስ ሚል ቪሌጅ ብቻ በ1940ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ሺህ በላይ ትናንሽ ቤቶች ተሠሩበት። ቀጥሎ በ1950ዎቹ ራምብለሩ መጣ፦ ባለ አንድ ፎቅ፣ የጡብ፣ ከሥሩ ቤዝመንት። ለየት ያለ ማየት የፈለገ ሐመንድ ዉድ ይሂድ፤ አርክቴክቱ ቻርልስ ጉድማን ዛፉን ሳይቆርጥ በመሐሉ የሠራቸው ትልልቅ መስታወት ያላቸው ቤቶች አሉ።

ሰው የማያስተውለው ግን ይሄን ነው፦ ቤቶቹ ሲሠሩ የዋሽንግተን ሜትሮ ባቡር አልነበረም። የሜትሮው ሬድ ላይን መስመር ሲልቨር ስፕሪንግ የደረሰው በ1978፣ ፎረስት ግሌንና ዊተን በ1990፣ ግሌንሞንት በ1998 ነው። ሰፈሩ የተነደፈው መኪና ላለው ሰው ነው። መንገዱ የሚጠማዘዘው፣ ብዙ ቦታ የእግረኛ መንገድ የሌለው፣ ጥግ ላይ ደርሶ የሚዘጋው ለዚህ ነው። ከታች ለምመልሰው ግማሹ መነሻ ይኼው ነው።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያው «ወደ ሜትሮ 10 ደቂቃ በእግር» ይላል። ልመን?

አትመኚ፣ ሂጂና ተራመጂው። ያውም እሑድ ከሰዓት ሳይሆን ወደ ሥራ በምትሄጂበት ሰዓት፣ ቢቻል በጨለማ። ካርታው ላይ ቅርብ የሚመስለው ጣቢያ ጆርጂያ አቬኑ ማዶ ከሆነ፣ መብራት እስኪለቅልሽ የምትቆሚው ራሱ ደቂቃዎች ይበላል። በረዶ ቀን የእግረኛ መንገድ በሌለበት ጎዳና መኪና መንገድ ላይ ነው የምትሄጂው።

ጣቢያው በር ስትደርሺም አላለቀም። የዊተን ኤስካሌተር 70 ሜትር ይረዝማል፣ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ረጅሙ ነው። ቆመሽ ብትወርጂ ወደ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። አንዱ ሲበላሽና በእግር መውጣት ሲኖርብሽ ጸሎት ነው። ፎረስት ግሌን ደግሞ 60 ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ስለሆነ ኤስካሌተር ጭራሽ የለውም፣ ሁሉም በሊፍት ነው። የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ነርሶች ይሄን ያዙልኝ፦ ሜትሮ በሥራ ቀን የሚከፈተው ንጋት 11 ሰዓት ነው፣ በአገራችን አቆጣጠር። 11 ተኩል ሥራ የምትገቡ ከሆነ ባቡሩ አይጠቅማችሁም፣ መኪና መያዛችሁ አይቀርም። ወደ ጣቢያው የሚያደርሰው ራይድ ኦን አውቶቡስ ግን ከ2025 ጀምሮ ነፃ ሆኗል፤ ብዙ ሰው አሁንም ካርድ ሊያስነካ ሲፈልግ አያለሁ።

ጥያቄ፦ የባቡር ድምፅ አያስቸግርም?

ዊተንና ፎረስት ግሌን ባቡሩ ከመሬት በታች ነው፣ አይሰማም። ሲልቨር ስፕሪንግ ዳውንታውንና ዉድሳይድ በኩል ግን ሐዲዱ ላይ ሜትሮ ብቻ ሳይሆን የጭነት ባቡርም ያልፋል። ቤቱን ማታ ሄደህ ስማው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ በ1953 የተሠራ ራምብለር አይተን ወደነዋል። ኪችኑ አዲስ ነው፣ ወለሉ ያበራል። ምን እንይ?

የሚያበራውን ተዉት። አዲስ ኪችን ማለት ሻጩ ዓይናችሁን ያውቀዋል ማለት ነው። እኔ ከታች ነው የምጀምረው።

ቤዝመንት ስትገቡ መጀመሪያ አሽትቱ። ሻማ ወይም ሽቶ ከሸተታችሁ ለምን እንደተነሰነሰ ጠይቁ። የግድግዳው ግርጌ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ውኃ እየሰረገ ነው። ከዚያ የውኃ መስመሩ ከመንገድ ወደ ቤት የሚገባበትን ቦታ ፈልጉ። ቧንቧውን በኳርተር ሳንቲም ጠርዝ ትንሽ ፋቁት፣ ትንሽ ማግኔትም ያዙ። ቀላ ካለ መዳብ ነው፣ ጥሩ። ግራጫ ሆኖ ማግኔት ከያዘ ብረት ነው፤ ከ70 ዓመት በኋላ ውስጡ በዝገት ጠቦ ሻወሩ የሚንጠባጠበው በሱ ነው። ለስላሳ፣ የሚያበራ ግራጫ ሆኖ ማግኔት ካልያዘ እርሳስ (ሌድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ነው፣ ልጆች ካሏችሁ ቀልድ የለም። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለሙም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ በተለይ የሚላላጥ የመስኮት ቀለም።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ቤቴን ስገዛ ሁሉን አየሁ፣ የፍሳሽ መስመሩን በካሜራ ማስፈተሽ ግን ወጪ መስሎኝ ተውኩት። ያን ጊዜ ሙያው ውስጥ አልነበርኩም። የልጄ ክርስትና ዕለት፣ ቤዝመንት ውስጥ ወደ 40 ሰው ተቀምጦ፣ ሴቶቹ እላይ ኪችን ውስጥ ዕቃ እያጠቡ ሳለ የወለሉ ማፍሰሻ መጉረምረም ጀመረ። ቀጥሎ የሆነውን ምግብ ላይ ያላችሁ እንዳትሰሙት። አባታችን ቀሚሳቸውን ሰብስበው ደረጃውን ሲወጡ እስካሁን ይታየኛል። የዚያን ዘመን ፍሳሽ መስመር ብዙ ጊዜ የሸክላ ቱቦ ነው፣ በመገጣጠሚያው የዛፍ ሥር ይገባበታል። በር ላይ ያለችው ያቺ የምታምር የሜፕል ዛፍ ናት ጠላታችሁ። ግቢው ተቆፍሮ ቱቦው ሲቀየር የከፈልኩት የካሜራውን 30 እጥፍ ነው። ስለዚህ ካሜራ፣ ካሜራ፣ ካሜራ።

ሬደን የሚባለውን ጋዝም አትርሱ። ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከመሬት ወደ ቤዝመንት ይወጣል፣ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። የኛው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ2016 ጀምሮ እንዲህ ያለ ቤት ሲሸጥ የሬደን ምርመራ እንዲደረግ ያስገድዳል። ውጤቱ በሊትር 4 ፒኮኪዩሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ማስወጫ ቱቦ ይገጠማል፣ ከቤቱ አያሸሻችሁም፤ ዋጋ መደራደሪያ ነው።

ጥያቄ፦ እቁብ ወጥቶልኝ 20 ሺህ ዶላር አለኝ። ባንክ ሳስገባው የብድር መኮንኑ «ከየት መጣ?» ብሎ ቀውጢ ፈጠረ። ምን ልበለው?

እውነቱን በለው፣ ግን በወረቀት። አበዳሪ የመጨረሻ ሁለት ወር የባንክ መግለጫህን ያያል፤ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ምንጩ ካልታወቀ አይቆጥርልህም። ሰዉ «እቁብ አይገባቸውም» ብሎ «አጎቴ ሰጠኝ» የሚል ደብዳቤ ያጽፋል። ይሄ ውሸት ነው፣ ወንጀልም ነው፣ አያስፈልግምም። ምክንያቱም እቁብ በመመሪያቸው ውስጥ አለ! የኤፍኤችኤ፣ ማለትም መንግሥት ዋስ የሚሆንለት የቤት ብድር፣ መመሪያ «የግል የቁጠባ ማኅበር» ብሎ ይቀበለዋል፣ ከባንኮች የቤት ብድር የሚገዛው ፋኒ ሜይም ተመሳሳይ አለው። የሚፈልጉት የአባልነትህን ዘመን፣ በየጊዜው የከፈልከውን፣ ዕጣው እንዴት እንደሚወጣ የሚያሳይ መዝገብ፣ ደረሰኝና የገንዘብ ያዡ ማረጋገጫ ነው። ስለዚህ የእቁቡ ደብተር በእርሳስ የተጻፈ፣ ግማሹ የተሰረዘ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ አስተካክሉት። ክፍያችሁንም በካሽ ሳይሆን በባንክ አድርጉት።

አንድ ጥንቃቄ፦ ዕጣው ቀድሞ ከወጣልህና ገና የምትከፍለው ከቀረ፣ ያ እንደ ዕዳ ነው የሚቆጠረው። በመጨረሻ ዙር የወጣለት ይሻላል። ለስሌቱ፦ ኤፍኤችኤ ዝቅተኛው ቅድመ ክፍያ 3.5 በመቶ ነው፣ ለ500 ሺህ ዶላር ቤት 17,500። 20 ሺህህ ይበቃል እንዳትል ግን፣ ግዢው ሲፈጸም የሚከፈል የመዝጊያ ወጪ አለ።

ጥያቄ፦ ድሮ እዚህ ጥቁር ቤት መግዛት አይችልም ነበር ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ወሬ?

እውነት ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ ዙሪያ ብዙ የቤት ሰነዶች ላይ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚከለክል አንቀጽ ተጽፎ ነበር፤ አንዳንዱ አይሁዶችንም ይጨምራል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ፍርድ ቤቶች ይህን ማስፈጸም አይችሉም አለ፣ አድሎው በፌዴራል ሕግ የተከለከለው ግን በ1968 ነው። ራምብለሮቹ የተሠሩት በነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል መሆኑን አስቡት። ያ ያለ ቅድመ ክፍያ የተሰጠ ቤት በአብዛኛው ለማን እንደደረሰ ግልጽ ነው።

እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሊተንስቪል የሚባል ሰፈር አለ። ሳሙኤል ሊተን የሚባል ነፃ ጥቁር ሰው በ1853 መሬት ገዝቶ የመሠረተው ነው። ከነጮቹ ሰፈር ከኖርዝ ዉድሳይድ የሚለየው ሐዲዱ ነበር፣ የሚያገናኛቸው በ1918 የተሠራ አንድ ጠባብ ድልድይ። ታልቦት አቬኑ ድልድይ ይባላል፣ ፐርፕል ላይን ለሚባለው፣ ገና እየተሠራ ላለው የባቡር መስመር ሲባል በ2019 ፈረሰ። ከመፍረሱ በፊት በታክሲ ሳልፍበት እንጨቱ ከጎማዬ ሥር ይንኳኳ ነበር፣ የምን ድልድይ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ጥያቄ፦ ቤዝመንቱን አከራይቼ ሞርጌጁን ላግዝ?

ትችላለህ፣ በሕጉ ከሆነ። የራሱ ኪችን ያለው ቤዝመንት እንደ ተጨማሪ መኖሪያ ይቆጠራል፤ ካውንቲው ፈቃድ ይጠይቃል፣ አንተም ግቢው ውስጥ መኖር አለብህ። ከሜትሮ በአንድ ማይል ውስጥ ከሆንክ ተጨማሪ የመኪና ማቆሚያ አታዘጋጅም፤ ባቡሩ እዚህ ላይ ይክስሃል። መኝታ ክፍሉ ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት ያስፈልገዋል፣ ደፉ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ መሆን የለበትም። ይሄን እንደ ቢሮክራሲ አትየው። እኔ የተከራየሁት ቤዝመንት መስኮቱ የጫማ ሳጥን ያክል ነበር፤ ሁለት ዓመት በእግዚአብሔር ጥበቃ ነው የተኛሁት።

ጥያቄ፦ አሮጌ አፓርትመንት ነው የምኖረው። ኪራዩን 12 በመቶ ልንጨምር ነው የሚል ወረቀት መጣ። ዝም ልበል?

ዝም አትበዪ እህቴ። ካውንቲው ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ጣሪያ አለው፦ በዓመት የዋጋ ንረቱ ሲደመር 3 በመቶ፣ ቢበዛ ግን 6 በመቶ። ጭማሪ በ12 ወር አንዴ ብቻ ነው፣ ከ90 ቀን በፊት በጽሑፍ። ከ23 ዓመት በታች የሆነ ሕንፃና በካውንቲው ውስጥ ከሁለት የኪራይ ቤት በላይ የሌለው ግለሰብ ባለቤት ግን አይነካቸውም። ያንቺ ሕንፃ አሮጌ ስለሆነ ወረቀቱን ይዘሽ 311 ደውዪ፣ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ «አማርኛ» ማለት ብቻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ፐርፕል ላይን እስኪከፈት ልጠብቅ ወይስ አሁን ልግዛ?

ግንባታው በ2017 ሲጀመር «2022 እንከፍታለን» ብለው ነበር። አሁን የሚባለው የ2027 መጨረሻ አካባቢ ነው። በተስፋ ቤት አይገዛም። ደግሞም ዊተን አይደርስም፤ ከቤተስዳ በሲልቨር ስፕሪንግ አድርጎ ወደ ኒው ካሮልተን ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ቤቱ ተከፍሎ አልቋል፣ የንብረት ግብሩ ግን በየጊዜው ይጨምራል።

እማማ፣ ሁለት ነገር አለልዎ። አንደኛው ሆምስቴድ ክሬዲት ነው፤ አንዴ ብቻ ይሞላል፣ ከዚያ የግብሩ መነሻ ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ አያድግብዎትም። ሁለተኛው ገቢን የሚያይ ነው፦ የቤተሰቡ የዓመት ገቢ ከ60 ሺህ ዶላር ካልበለጠና ከቤቱ ውጭ ያለው ሀብት ከ200 ሺህ ካላለፈ ያመልክቱ። ይሄኛው በየዓመቱ ነው፣ እስከ ጥቅምት 1 በአውሮፓውያን። ልጆችዎ ካልሞሉልዎ ለኔ ይጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ብቅ ብዬ እሞላልዎታለሁ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ትሁንልኝ። ታውንሀውስ ስኖር ኤችኦኤው (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) በር ላይ በሶብላ እንዳልተክል ከለከለኝ። እዚያስ?

ከነዚህ አሮጌ ሰፈሮች አብዛኛው ኤችኦኤ የለውም፣ ማንም ደብዳቤ አይጽፍብሽም። እኔ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ጎመን አለኝ። ችግሩ አጋዘን ነው። ከስላይጎ ክሪክ በኩል ማታ ማታ እየመጣ ጎመኑን እስከ ግንዱ ይጨርሰዋል፤ ጤና አዳሙን ግን አሽቶት ዞር ይላል። ጎመኑን አጥሪው።