400 ነጥብ የሚበልጥህ ሰው ሲደርስህ፦ የቼዝ ጥያቄና መልስ

አቅማቸው የማይመጣጠን ተጫዋቾች በውድድር ሲገናኙ ስለሚሆነው ነገር የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሬቲንጌ (የአቅም መለኪያ ነጥቤ) 1600 ነው፤ ገና በመጀመሪያው ዙር 2000 ያለው ሰው ደረሰኝ። አዘጋጆቹ ሆን ብለው ነው?

መልስ፦ የስዊስ ድልድል ነው ወንድሜ። ተጫዋቾች በሬቲንግ ተደርድረው ዝርዝሩ ለሁለት ይከፈላል። 100 ሰው ካለ 1ኛው ከ51ኛው ይገጥማል። ከዚያ በኋላ በውድድሩ ተቀራራቢ ነጥብ ያገኙ ይገናኛሉ።

ጥያቄ፦ ብሸነፍ ስንት ይቀነስብኛል?

መልስ፦ በ400 ልዩነት ከአንተ የሚጠበቀው 0.08 ነጥብ ብቻ ነው (ድል 1፣ አቻ 0.5 ሆኖ ሲቆጠር)። ኬ የሚባለው ማባዣህ 20 ከሆነ ሽንፈት ከሬቲንግህ 1.6 ይወስድብሃል፣ አቻ 8.4 ይጨምርልሃል፣ ድል ደግሞ 18.4። መጨነቅ ያለበት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቶሎ ቶሎ ጠጠር ተቀያይሬ ለአቻ ብጫወትስ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው! ንግሥቶቹ ወጥተው ሰሌዳው ሲራቆት ጠንካራው ይበልጥ ይጠነክራል። አንድ ደካማ ወታደር ካገኘ እስክትሰለች ይጎትትሃል። ሰሌዳው ሞልቶ ንጉሡ ሲሰጋ ግን እሱም ማስላት አለበት፤ የሚያሰላም ይሳሳታል። በ2023 እ.ኤ.አ. ኳታር ላይ የዓለም ቁጥር አንድ የነበረው ማግነስ ካርልሰን 2839 ይዞ በካዛኪስታኑ አሊሸር ሱሌይመኖቭ ተሸንፏል፤ የሱሌይመኖቭ 2512 ነበር። ነጭ ይዞ ንጉሡ ላይ ዘመተ እንጂ አቻ አልለመነም። ካርልሰን በኋላ የተጋጣሚው የእጅ ሰዓት ሐሳቡን እንደበተነው ጻፈ፤ አጭበረበረ ግን አላለም። (ሱሌይመኖቭም ግራንድማስተር ነው፣ ማለትም ከፍተኛው የቼዝ ማዕረግ አለው፤ እንደ እኛ ነው ብለን አንኩራ።)

ጥያቄ፦ አቻ እንስማማ ብለውስ?

መልስ፦ አንዴ ይበቃል፤ ተጫውተህ፣ ሰዓቱን ከመጫንህ በፊት። ከነዘነዝከው ማወክ ነውና ዳኛው ይቀጣሃል።

ጥያቄ፦ የእኔ ተቃራኒ ነው። 1900 ነኝ፤ 1500 ያለው የ12 ዓመት ልጅ ደርሶኛል። ቀላል ነው አይደል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው። የልጅ ሬቲንግ ከአቅሙ ኋላ ይቀራል፤ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ፊዴ ከ2300 በታች ላሉ ታዳጊዎች ኬን 40 ያደረገው ሬቲንጋቸው ቶሎ አቅማቸው ላይ እንዲደርስ ነው። ቶሎ ላሸንፈው ብለሽ ፈረስ አትሠዊ። ረጋ ያለ ጨዋታ ምረጪ፣ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ውሰጂው። ልጆች በጥቃት ላይ ስል ናቸው፤ ረጅም ትዕግሥት ግን ብዙዎቹን ይከብዳቸዋል። እሱ በፍጥነት ሲጫወት አብረሽው አትሩጪ፤ ሰዓቱ ያንቺም ነው።