የሮምን ወፎች ለማየት ተርሚኒ ይበቃሻል

ሰላም እህቴ። ዲሴምበር ላይ ሮም እንደምትመጪ ጽፈሽ፣ ማታ ሰማዩን የሚያጠቁሩት ወፎች የት እንደሚታዩ ጠይቀሻል። ሩቅ አትሂጂ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ይበቃል። የሐበሻ ምግብ ቤቶችም እዚያው አካባቢ ስላሉ እራት አያስቸግርሽም።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። በዚያ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው በሮም ሰዓት 16፡40፣ በእኛ አቆጣጠር ማለትም 10 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው። ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለሽ ድረሺ።

ወፎቹን ጣልያኖች ስቶርኒ ይሏቸዋል። ከሰሜንና ከምሥራቅ አውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ናቸው። ቀን ከከተማ ውጭ እርሻ ላይ ሲለቅሙ ይውላሉ። ከተማው ከገጠሩ ስለሚሞቅ ማታ ዛፎቹ ላይ ለማደር ይመለሳሉ። ከማረፋቸው በፊት የሚያሳዩት ነገር ግን ልብ ይሰውራል! መንጋው እንደ ጭስ ይዘረጋል፣ ይጠቀለላል፣ ድንገት ለሁለት ይከፈላል። ጭልፊት ሲመጣባቸውማ ተጠጋግተው አንድ ጥቁር ኳስ ይሆናሉ።

መሪ ያላቸው ይመስላል፤ የላቸውም። ጆርጆ ፓሪዚ ያለበት የጣልያን የፊዚክስ ሊቃውንት ቡድን ጣቢያው አጠገብ ካለው ከፓላትዞ ማሲሞ ሙዚየም ጣሪያ ላይ ፎቶ እያነሳ አጥንቷቸዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት መሠረት፣ እያንዳንዱ ወፍ የሚከታተለው አጠገቡ ያሉትን 6 ወይም 7 ወፎች ብቻ ነው። ይህን አውቄ ካየኋቸው ወዲህ ይበልጥ ይገርሙኛል።

ጃንጥላ እንዳትረሺ። ዛፍ ሥርም አትቁሚ። ኩሳቸው አስፋልቱን ስለሚያንሸራትት ጥሩ ጫማ አድርጊ። ሌላ ቀን ጊዜ ካገኘሽ በቴቬሬ ወንዝ ዳር ያሉትን ትልልቅ ዛፎችም ሞክሪ።